ምስሉ ደርሶናል፤ አንባቢውስ?



በጌዴኦም ሆነ በጅማ ያለ ገበሬ ቡናው ሲያረጅበት ይጎነድለዋል። ግንዱን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ጥላው ከበዛም የጥላ ዛፎቹን ቅርንጫፍ ያሳሳል። ከዚያም አዲሱ ቀንበጥ አድጎ ፍሬ እስኪይዝ ይታገሣል። ቡና የሚያውቅ ሰው በዚያ ማሳ አጠገብ ቢያልፍ ገበሬው መጎንደሉን አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። ከምድር 786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሚዞረው ሳተላይት የሚመዘግበው ግን ሌላ ነው፤ አምና ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ የነበረው ቦታ ዘንድሮ ሳስቷል፤ አፈሩም ብቅ ብቅ ብሏል። ምስሉን በሩቅ አገር ቢሮ ተቀምጦ የሚያየው ሰው፣ ወይም በሰው ፋንታ የሚመረምረው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እዚህ ቦታ ደን ተጨፍጭፏል ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ይህ በወረቀት ላይ የሚቀር ስሕተት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተጨፈጨፈበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ መግባት አይችልም። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።) አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማቅረብ አለበት፤ ማሳው ከ4 ሄክታር ያነሰ ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያ ወሰኑ ይጠየቃል። የሕጉ ተፈጻሚነት ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ የነጥብ መሰብሰቡ ሥራ ግን ቀድሞ ተጀምሯል። ሕጉ ራሱ በጥላ ዛፍ ሥር የሚለማን እርሻ ከደን ለይቶ ያያል። ከላይ ሲታዩ ግን የጥላ ዛፍና የደን ዛፍ አንድ ናቸው። ስለዚህ የአንድ ገበሬ የዓመት ገቢ፣ ማሳውን ረግጦት የማያውቅ ሰው ምስሉን በሚያነብበት መንገድ ላይ ይንጠለጠላል።

ስለ ሳተላይት ሲወራ ሰው የሚደነቀው በማንሣቱ ነው፤ ሮኬቱ፣ ካሜራው፣ ከፍታው። መደነቁ ተገቢ ነው፤ እኔም እደነቃለሁ። ነገር ግን ማንሣቱ ከሞላ ጎደል መላ ያገኘ ነገር ነው። የጎደለን ምስሉን አንብቦ፣ መሬቱ ድረስ ወርዶ፣ ያነበበውን የሚያረጋግጥ ሰው ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ በዚህ ዙሪያ የሚዞር ነው።

በመጀመሪያ ሳተላይቱ ምን እንደሚያደርግ እንረዳ። ሳተላይት ብርሃን ይለካል። የፀሐይ ብርሃን መሬት ነክቶ ሲመለስ፣ እያንዳንዱ ነገር ከብርሃኑ የተወሰነውን ያስቀራል፤ የቀረውን ይመልሳል። ጤነኛ ቅጠል ምግቡን ለመሥራት ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን፣ ኢንፍራሬድ የምንለውን ደግሞ በብዛት ይመልሳል። ውኃ የተጠማ ቅጠል ቀዩን መዋጡን ይቀንሳል፤ ኢንፍራሬድ መመለሱንም ይቀንሳል። ስለዚህ ከኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩን ቀንሰን፣ ልዩነቱን ለሁለቱ ድምር ብናካፍለው፣ የለምለምነት ልክ የሚሆን አንድ ቁጥር እናገኛለን። በ1970ዎቹ መጨረሻ ይህን ስሌት ለሰብልና ለግጦሽ ጥናት ካበቁት አንዱ የናሳው ኮምፕተን ታከር ነበር። ዛሬ ስለ ድርቅ በሚወጡ ብዙ የሳተላይት ዘገባዎች ውስጥ ይህ ማካፈል አለ።

ሐምሌ 23 ቀን 1972 ላንድሳት ከተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የመጀመሪያው ወደ ሰማይ ሲወጣ ሁለት መሣሪያ ይዞ ነበር። ዋናው ይሆናል የተባለው የቴሌቪዥን ዓይነት ካሜራ ነው። ሁለተኛው ቨርጂኒያ ኖርውድ የምትባል መሐንዲስ የቀየሰችው፣ መስታወቱ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ምድርን በመስመር በመስመር የሚለካ መሣሪያ ነበር። የሚንቀሳቀስ መስታወት ሕዋ ላይ አይበረክትም ብለው የተጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ። በተግባር የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ካሜራው በኤሌክትሪክ ችግር ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፤ የኖርውድ መሣሪያ ግን ሳተላይቱ በ1978 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለዓመታት አገለገለ። ኖርውድ በ2023 ስታርፍ የዓለም ጋዜጦች የላንድሳት እናት ብለው ዘከሯት። በአገራችን የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍሎችም ስሟ ሊነሣ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቅ ለውጥ የዋጋ ለውጥ ነው። የላንድሳት ምስሎች ሽያጭ ለግል ኩባንያ በተሰጠበት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አንድ ምስል እስከ 4,400 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ1999 ዋጋው ወደ 600 ዶላር ወረደ። ይህም ቢሆን ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይታሰብ ነው። ሽያጩ ከፍተኛ በሆነበት በ2001 በዓመት የተሸጠው 25 ሺህ ገደማ ምስል ነበር። በ2008 የምስል ማኅደሩ በሙሉ በነፃ እንዲሆን ተወሰነ፤ በዓመት ጊዜ ውስጥ የሚወርደው ምስል ከሚሊዮን አለፈ። አውሮፓውያንም ሴንቲኔል የተባሉትን ሳተላይቶቻቸውን ሲያመጥቁ ከጅምሩ መረጃውን ነፃ አደረጉት። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ወይም በዲላ ያለ ተማሪ፣ ኢንተርኔቱ ካልከዳው፣ ከአምስት ቀን በፊት የተነሣ የቀበሌውን ምስል ማውረድ ይችላል።

ምስሉ የሚሠራው ፒክስል ከሚባሉ አራት ማዕዘኖች ነው። የዛሬው ላንድሳት አንድ ፒክስል በምድር ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል፤ ሴንቲኔል ሁለት የተባለው ደግሞ 10 በ10። በአሜሪካ፣ በካንሳስ ሜዳ ላይ ለተዘራ ስንዴ ይህ ከበቂ በላይ ነው። እኛ ዘንድ ግን አንድ ጥማድ የሩብ ሄክታር ያህል ነው፤ በላንድሳት ሲለካ ሦስት ፒክስል አይሞላም። ከሦስቱ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት ማሳ፣ ወሰኑ ላይ ያለው ሣርና የመንገዱ አቧራ ያልገባበት ንጹሕ ፒክስል ላይገኝ ይችላል። በአንድ ፒክስል ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ቁጥር ሆኖ ይወጣል፤ ጤፍና ገብስ ተቀላቅሎ ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱን አይቶ ይህን ከዚያ መለየት እንደማይቻል ሁሉ፣ እዚያም እንደዚያው ነው። ስለዚህ "በዚህ ወረዳ ይህን ያህል ሄክታር ጤፍ ተዘርቷል" የሚል የሳተላይት ካርታ ስታዩ፣ የፒክስሉን ስፋትና የማሳውን ስፋት ጠይቁ።

ሌላው ፈተናችን ደመና ነው። ሰብላችን የሚበቅለው በክረምት፣ ሰማዩ በሚዘጋበት ጊዜ ነው። ሳተላይቱ በየአምስት ቀኑ ቢያልፍም ከሰኔ እስከ መስከረም በደጋው ላይ የሚያነሣው በአብዛኛው የደመና ጀርባ ነው። በጣም በምንፈልገው ወር እናጣዋለን። መፍትሔው ራዳር ነው፤ የራሱን ሞገድ ይልካል፤ ደመናና ጨለማ አያግደውም። ነገር ግን ራዳር ወደ ጎን የሚያይ መሣሪያ በመሆኑ ተራራማ አገር ይቸግረዋል፤ ወደ እሱ የዞረው ዳገት ይንቦገቦጋል፤ ጀርባው ጥላ ይሆናል። የሰሜን ተራሮችን በራዳር ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ወደ አፋር ልውሰዳችሁ፤ በዚህ አገር ከሰማይ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳስትና ምን ያህል እንደሚያስተምር ሁለቱንም እዚያ እናገኛለን።

ማሳሳቱን ልጀምር። ከ1984ቱ ረሀብ በኋላ፣ በ1985፣ የአሜሪካ መንግሥት የረሀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ፤ የለምለምነት ቁጥሩም ከዋና መሣሪያዎቹ አንዱ ሆነ። (ለታሪኩ ሐቅ ሲባል ይህም ይነገር፤ ያን ጊዜ የጠፋው ማስጠንቀቂያ አልነበረም። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ በመጋቢት 1984 ለለጋሾች አደጋውን በግልጽ አሳውቆ ነበር።) አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ መሬቱ ከወትሮው ይልቅ ከደረቀ ግጦሽ ጠፍቷል፣ ከለመለመም ከብቱ ይበላል። በአዋሽ ዳር ግን ፕሮሶፒስ የሚባል እሾኻም ዛፍ አለ። ከውጭ የመጣ ነው፤ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ በድርቅም አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፤ ከሥሩ ሣር አያስበቅልም። ከብት ፍሬውን ይበላል፤ ቅጠሉን አይነካም። ስለዚህ ፕሮሶፒስ በወረረው ቀበሌ ሳተላይቱ ለምለም ነው ይላል፤ አርብቶ አደሩ ደግሞ ከብቶቹን ወዴት እንደሚነዳ ጨንቆታል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ቅጠል መኖሩን በትክክል ለካ። የምን ቅጠል እንደሆነ ግን የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። ያን ሰው ሳይጠይቅ የወጣ የግጦሽ ካርታ እርዳታን ከተራበ ወረዳ ወደ ሌላ ሊያዞር ይችላል፤ ለዚህ ነው ነገሩ እንደ ትምህርት ጉዳይ ብቻ የማይታየኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ማስተማሩ። በመስከረም 2005 በሰሜን አፋር፣ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ፣ ምድር ያለማቋረጥ ተናወጠች። መስከረም 26 ቀን ዳዑሬ በሚባል ቦታ መሬቱ ተሰንጥቆ አመድና ድንጋይ ወረወረ። ነዋሪዎቹ ያዩትን ተናገሩ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ባለሙያዎችም ወደ ቦታው ሄደው ስንጥቁን አዩ። በዓይን የሚታየው ግን ከነገሩ ጥቂቱ ነበር። የተቀረውን የነገረን ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ራዳር ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ራዳሩ አንድን ቦታ ከመናወጡ በፊት ለክቶታል፤ ከመናወጡ በኋላም ከዚያው ቦታ፣ ከዚያው አቅጣጫ ይለካዋል። የሞገዱ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ በመካከሉ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ወይም ወደ ጎን ከተገፋ፣ የሚመለሰው ሞገድ ከፊተኛው ጋር አይገጥምም። ሁለቱን ልኬቶች ስናነጻጽር በካርታው ላይ የቀስተ ደመና ቀለማት ያሏቸው ቀለበቶች ይወጣሉ፤ ከአንዱ ቀለበት ወደሚቀጥለው ስንሻገር መሬቱ ወደ ሳተላይቱ ወይም ከሳተላይቱ 2.8 ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። የጣት አንጓ በምታህል ልክ፣ ከ800 ኪሎ ሜትር ከፍታ።

በዳባሁ ቀለበቶቹ ተቆጥረው አያልቁም ነበር። ሲሰላ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መሬት ሥር ቅልጥ ዐለት ገብቶ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ ወደ ሁለት ከፍቷታል። የገባው ቅልጥ ዐለት መጠን 2.5 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ ተገምቷል። ከዚያ ሁሉ በዳዑሬ ወደ ገጽ የወጣው እዚህ ግባ የማይባል ነው። አህጉር ተከፍሎ ባሕር ለመሆን የሚጀምርበት ሂደት፣ ከዚያ በፊት በመጻሕፍት በሥዕል ይገለጽ የነበረው፣ በሳምንታት ውስጥ ሲሆን በዚህ መጠን በዘመናዊ መሣሪያ ሲለካ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህም ላይ ግን የንባቡን ችግር አስተውሉ። በስንጥቁ መሐል፣ መሬቱ ከመጠን በላይ በተናወጠበት ወገብ ላይ፣ ቀለበቶቹ ተጨናንቀው ተደበላለቁ፤ ራዳሩ በዚህ ዘዴ ምንም ማለት አልቻለም። ዋናው ነገር በሆነበት ቦታ ላይ ምስሉ ባዶ ሆነ። ያንን ክፍተት ለመሙላት ተመራማሪዎቹ ሌላ ስሌት ጨመሩ፤ መሬት ላይ በእግራቸው ዞረው የስንጥቆቹን ስፋት አዩ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎችን በየቦታው ተከሉ። የፍንዳታውን ቀንና ሰዓት፣ አመዱ የወረደበትን አቅጣጫ ለማወቅ የአፋር አርብቶ አደሮችን ጠየቁ። ስለ ዳባሁ ዛሬ የምናውቀው ከእነዚህ ሁሉ የተገጣጠመ ነው።

ይህ እውቀት ያለ ጥቅም አልተቀመጠም። ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትናወጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበራችሁ ሁላችሁም መወዛወዙን ታስታውሳላችሁ። በየካቲት 14 ቀን 2025 የተሰማው መጠኑ 6 ደርሶ ነበር። ሴንቲኔል አንድ የተባለው ሳተላይት ራዳር ቅልጥ ዐለቱ ከመሬት ሥር በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል እየተጓዘ መሆኑን በተከታታይ አሳየ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ከቀዬአቸው እንዲነሡ ተደረገ። እነዚያን ምስሎች ወዲያው ማንበብ የተቻለው ከዳባሁ ጀምሮ ለሃያ ዓመት በዚሁ ሙያ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ባልደረቦቻቸው ስለነበሩ ነው።

የማንበብን ዋጋ የሚያሳይ አንድ ሌላ ታሪክ ከደቡብ ላንሣ፤ ይህ የሁላችንም ኩራት ሊሆን የሚገባው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዶክተር ብርሃኔ አስፋውና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያን የቅሪተ አካል ቦታዎች ለመመዝገብ ሲነሡ፣ ስምጥ ሸለቆውን በሙሉ በእግር ማሰስ የማይቻል ነበር። የላንድሳት ምስሎችንና ከጠፈር መንኩራኩር የተነሡ ፎቶግራፎችን አንድ ላይ አድርገው አነበቡ። የፈለጉት አጥንት አይደለም፤ አጥንት ከሰማይ አይታይም። የፈለጉት አጥንት ሊገኝበት የሚችለውን ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር፣ የአፈሩን ቀለም፣ ጎርፍ የገፈፈውን ገመገም ነው። በምስሉ ላይ ምልክት ካደረጉባቸው ቦታዎች ወርደው ሲያዩ፣ በ1991 ኮንሶ ላይ ከዓለም ጥንታዊ የሚባሉ የድንጋይ መጥረቢያዎች የሞሉበትን መሬት አገኙ። ዕድሜያቸው ከጊዜ በኋላ ሲለካ የመጀመሪያዎቹ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ሆነ። ያን ምስል ሌላው ዓለምም ይዞት ነበር። ያነበበው ግን ድንጋዩን የሚያውቀው ሰው ነው።

ምስል ከጊዜ ጋር ዋጋው የሚጨምር ነገር መሆኑንም አንርሳ። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 አገሪቱን ለመያዝና ለማስተዳደር ሲሉ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ አንሥተዋል። እነዚያ ፎቶግራፎች፣ ከስምንት ሺህ በላይ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው፣ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅት ተቀምጠው ለአሠርት ዓመታት ብዙም ሳይነኩ ኖሩ። ተመራማሪዎች አግኝተው በኮምፒውተር ካስገቧቸው በኋላ ግን ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ ደንና አፈር ካሉን ጠቃሚ ማስረጃዎች መካከል ሆኑ። ለወረራ የተነሣ ፎቶ ለተወረረው አገር የአካባቢ ታሪክ መዝገብ ሆነ። አሜሪካኖች ከ1960 እስከ 1972 ኮሮና በሚባሉ የስለላ ሳተላይቶች ያነሡትም እንደዚሁ ነው፤ ፊልሙ በእንክብል ተጥሎ አውሮፕላን አየር ላይ ይቀልበው ነበር፤ በ1995 ምስጢርነቱ ሲነሣ ከ860 ሺህ በላይ ምስል ለሕዝብ ተለቀቀ።

በደቡብ ጎንደር የ1938ቱን የአውሮፕላን ፎቶ ከዘመናችን ምስሎች ጋር አስተያይተው የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ብዙዎቻችንን የሚያስገርም ነው። በዙሪያው ያለው ቁጥቋጦና ግጦሽ ወደ እርሻ ተለውጧል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ስፋት ግን በአብዛኛው ጸንቶ ኖሯል። አንዳንዱ እንዲያውም ሰፍቷል። ልባችን ከመደሰቱ በፊት ግን ወርደን እንይ፤ ከጨመረው ብዙው ዳር ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶው ያለበት ልብ ሌላ ነገር ነው፤ በ30 ሜትር ፒክስል ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። የትኛው ዛፍ መቼ እንደተተከለና ለምን እንደተሸጠ ለማወቅ የደብሩን አለቃና ሰበካ ጉባኤውን መጠየቅ ግድ ነው። የደን ሽፋናችን በመቶኛ ይህን ያህል ደረሰ የሚል መግለጫ ስንሰማ፣ ባሕር ዛፉ ተለይቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ነው።

ስለ መገኛ ነጥብ አንድ ነገር ብቻ ተናግሬ ልለፍ፤ በሥራ ላይ ያላችሁ መሐንዲሶች ስለምትቸገሩበት። የድሮዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው፤ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ በናይል ዳር ካለ የቅየሳ ነጥብ የተነሣ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት የተዘረጋ ልኬት ነው። በስልካችሁ ያለው ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ መነሻ ነው። የጂፒኤሱን ቁጥር ሳይለውጥ በቀጥታ በአሮጌው ካርታ መረብ ላይ የሚያሰፍር ሰው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። ለውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ፣ ለትምህርት ቤት ቦታ፣ ለይዞታ ክርክር 200 ሜትር ማለት ሌላ ሰው ግቢ መግባት ነው። ማናቸውንም ነጥብ ስትጽፉ በየትኛው መነሻ እንደተለካ አብራችሁ ጻፉ።

አሁን በዚህ አገር ምስል፣ ካርታና ሕዝብ በትክክል የተገናኙበት ወደሚመስለኝ ሥራ እመጣለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ወደሚባለው የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ።

አንደኛው ደረጃ ደብተር ነበር። የባለይዞታው ስም፣ የማሳው ግምታዊ ስፋት፣ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ የሚያዋስነው ተብሎ ይጻፍበታል። ጥሩ ነበር፤ ብዙ ክርክር አስቀርቷል። ካርታ ግን አልነበረውም፤ አዋሳኙ ሲሞት ወይም ማሳው ሲወረስ መዝገቡ ያረጃል። ሁለተኛው ደረጃ ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት በተነሣ፣ መዛነፉ በተስተካከለ ምስል ጀመረ። ምስሉ በትልቅ ወረቀት ይታተማል፤ በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ የአካባቢው ወጣቶች ይዘውት ማሳው ላይ ይወጣሉ። ባለይዞታው ይመጣል፤ አዋሳኞቹ ይመጣሉ፤ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴና ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በወሰኑ ላይ እየሄዱ ወጣቱ በምስሉ ላይ በብዕር ያሰምራል።

እዚያ የሚሆነውን ያየ ሰው ስለ ምስል ንባብ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ይማራል። ቀያሹ በምስሉ ላይ አንድ ነጠላ ማሳ የሚያየውን፣ አረጋዊው "ሁለት ነው፤ አባታቸው ሲሞት ለወንድማማች ተከፍሏል፤ አብረው ስለሚያርሱት ነው አንድ የሚመስላችሁ" ይሉታል። ምስሉ ላይ ጉልህ መስመር ሆኖ የሚታየው ደግሞ ወሰን ሳይሆን የእርከን ክትር ይሆናል። ዛፍ ያለበት ወሰን በጥላው ምክንያት ሜትሮች ተገፍቶ ይታያል። ወሰን የሰዎች ስምምነት ነው፤ ካሜራ የሚያየው ስምምነቱ መሬት ላይ የተወውን ምልክት ብቻ ነው፤ ያም ምልክት ካለ።

ከዚያ በኋላ ያለው እርምጃ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። የተሠመረው ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ፣ ታትሞ ለሕዝብ ዕይታ በቀበሌ ይለጠፋል። ሰው ስሙንና ማሳውን ፈልጎ ያያል፤ ተሳስቷል ካለ ያመለክታል፤ ይታረማል። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ይመዘገባል፤ የሚስት ስም የተዘለለ እንደሆነ ያም የሚታወቀው እዚያ ነው። በዚህ መንገድ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳዎች ካርታ አግኝተዋል። እንከን የለበትም አልልም። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ አቅመ ደካማና ብቸኛ ሴቶች በዕይታው ቀን ሳይገኙ የቀሩባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከምዝገባው በኋላ የሚወረሰውንና የሚከፈለውን በመዝገብ ላይ ማደስም ገና ብዙ ይቀረዋል። ነገር ግን ካርታ ከመጽደቁ በፊት ካርታው የሚነካው ሰው አይቶ እንዲያርመው የሚያስገድድ አሠራር ነው። የደን ካርታችን፣ የግጦሽ ካርታችን፣ የጎርፍ አደጋ ካርታችን በቀበሌ ተለጥፎ የታረመበትን ጊዜ አላውቅም። የቡና ማሳ ነጥቦችም እንደዚሁ ሊለጠፉና ሊታረሙ ይገባል፤ ቅጂያቸውም በገበሬው ማኅበርና በዩኒየኑ እጅ ሊቀመጥ ይገባል እንጂ ወደ ገዢው ብቻ ሄዶ መቅረት የለበትም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ከቻይና ስትመጥቅና ከእንጦጦ ስትመራ ብዙዎቻችን ሌሊቱን ሳንተኛ ተከታትለናል። ደስታው ልክ ነበር። ከሁሉ የሚቆየው ጥቅሟ ግን በዚያ ሥራ የሠለጠኑት ወጣት መሐንዲሶችና ተንታኞች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሳተላይት ዕድሜዋ በዓመታት ይቆጠራል፤ ሰው ግን ያስተምራል።

እነዚህ ወጣቶች በየቀኑ የሚገጥማቸው እጦት ምስል አይደለም። የመሬት ላይ ማረጋገጫ ነጥብ ነው፤ "በዚህ መገኛ፣ በዚህ ቀን፣ የነበረው ሰብል ይህ ነው" የሚል፣ ሰው በእግሩ ሄዶ ያየው መረጃ። ኮምፒውተርን ጤፍን ከስንዴ፣ እንሰትን ከደን፣ ፕሮሶፒስን ከግጦሽ እንዲለይ የሚያስተምረው ይህ ነው። በዘርፉ ዛሬ የሚወደሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ያለ እሱ የሌላ አገርን እርሻ በእኛ ላይ ከመገመት አያልፍም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ይህን መረጃ በየዓመቱ ያመርታሉ። በጂኦግራፊ፣ በደን፣ በግብርና ትምህርት ክፍሎች ያሉ የማስተርስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወረዳ ወረዳውን እየዞሩ ነጥብ ይሰበስባሉ። ጽሑፉ ታትሞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ውጤቱ በአንድ ሠንጠረዥ ይጠቃለላል፤ ነጥቦቹ ግን ከተማሪው ላፕቶፕ ጋር ይጠፋሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ወደዚያው ወረዳ ሄዶ ከዜሮ ይጀምራል።

ይህን ለማስቀረት ሮኬት አያስፈልግም። የምረቃ ኮሚቴው ጽሑፉን ከመቀበሉ በፊት ነጥቦቹን ከነመገኛቸው፣ ከነቀናቸው፣ ከነፎቶአቸውና በየትኛው መነሻ እንደተለኩ ከሚገልጽ ማብራሪያ ጋር በአንድ ፋይል እንዲያስረክብ ተማሪውን ማዘዝ ይችላል፤ የባለይዞታዎቹ ስም ወጥቶ። ቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጠዋል፤ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በየዓመቱ ከሁሉም ይሰበስበዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለዘንድሮ ተመራቂዎች ጊዜው አላለፈም።